አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

መጋቢት 4 ቀን 2017

ዛሬ ቶርዲስ ቀጠሮ ሳትይዝ በራችንን አንኳኳች። በዚህ አገር፣ በኖርዌይ፣ ሰው ሳይደውል በር ካንኳኳ ወይ ቧንቧ ፈንድቷል ወይ ሰው ሞቷል፤ ባለቤቴ ብርነሽ ነጠላዋን እስከ መፈለግ ደርሳ ነበር። ሁለቱም አልነበረም።

ቶርዲስ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። እነዚህ የላምበርትሴተር ሕንጻዎች ሲሠሩ በእናቷ እቅፍ ገብታ እስካሁን ያልወጣች ሴት ናት። የቦረትስላጋችን፣ ማለትም የሰማንያ አራቱ ቤቶች ማኅበር፣ አስመራጭ ኮሚቴ ናት። ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት፤ ሁለቱ ብርዱን ሽሽት ስፔን ሄደው በዚያው ቀሩ።

ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠችና ያለ ምንም መንደርደሪያ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ይመር፣ ሊቀመንበሩ ይለቃል። በግንቦቱ ጠቅላላ ጉባኤ አንተን ልንጠቁም አስበናል። ትፈልጋለህ?»

እኔም እንደ አሳዳጊዎቼ መለስኩ። «ኧረ እኔ ምን አውቄ። ከኔ የተሻለ ሰው መች ይጠፋል።»

«እሺ። አከብረዋለሁ» አለችና በሰማያዊ እስክሪብቶ ፎርሙ ላይ አንዲት መስመር ጻፈች። ውኃዋን ጠጣች። ጫማዋን አሰረች። ሄደች።

በሩ ሲዘጋ እኔ ሁለተኛውን እምቢታዬን ገና እያሳመርኩ ነበር።

ብርነሽ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ምን ፈልጋ ነው?»

«ሊቀመንበር ሁን ብላኝ።»

«እና?»

«እምቢ አልኳት።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ።»

«አንድ ጊዜ ብለሃት ሄደች?»

«ሄደች።»

ብርነሽ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «ጉድ እኮ ነው» አለች፤ የማን ጉድ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የሆንኩት በሦስተኛው እምቢታ ላይ ነው። የመጀመሪያው እምቢታ ለጨዋነት ነው። ሁለተኛው ጠያቂው ከልቡ መሆኑን ማጣሪያ። ሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ለማለት መንደርደሪያ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መራመድን ያስተማረኝ ሰው እንደማላስታውስ ሁሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጸሐፊነት ሌሎችንም በዚሁ መንገድ አስሹሜአለሁ። ቶርዲስ ግን በመጀመሪያው ላይ ጻፈችው።

ለነገሩ ሹመቱን አልፈልገውም። ይህን የጻፍኩት ነገሩ ስላሳቀኝ ነው።

መጋቢት 7

ሌላው እጩ ታወቀ። ትሩልስ ይባላል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ የሦስተኛው መግቢያ ነዋሪ። በየደረጃው ባለቀለም ወረቀት ለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ፈገግ ያለ ስልክ ተስሏል። እቅዱ ቫክትሜስተራችንን፣ ሕንጻውን የሚንከባከበውን ሰው፣ በድርጅት መተካት ነው። አምፖል ሲቃጠል በስልክህ ታመለክታለህ፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ መልስ ታገኛለህ። መልሱ አምፖል ይሁን አይሁን ወረቀቱ አይናገርም።

ቫክትሜስተሩ ወንድይራድ ነው። የኛው አገር ልጅ፣ አርባ አንድ ዓመቱ። አሥራ አንድ ዓመት በረዷችንን ጠርጓል፣ ቧንቧችንን ጠግኗል፤ ከሥራው ጋር በተሰጠችው አንዲት የምድር ቤት ክፍል ይኖራል። ሚስቱ ሃይማኖት ያለችው ኮምቦልቻ ነው። ከተጋቡ አራት ዓመት ሞላቸው፤ ወደዚህ የመምጫ ማመልከቻዋ ተራ እየጠበቀ ነው። ተራው ሲደርስ የሚጠየቀው አጭር ነው፦ ባልሽ ሥራ አለው? ቤት አለው? ትሩልስ ከተመረጠ የሁለቱም መልስ «ነበረው» ይሆናል።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ወንድይራድ ባቡሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ ይመር፣ ለሊቀመንበርነት አንተን ጠየቁህ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እያሰብኩበት ነው» አልኩት።

ከቅዳሴ መልስ። በዐቢይ ጾም።

መጋቢት 9

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሳሁ። በረዶ። ወንድይራድ ቀድሞኝ ወጥቶ ደረጃውን እየጠረገ ነበር። ሰላም አልኩት፤ ዓይኑን ግን ሸሸሁ። በረዶው ይቆጠቁጣል ብዬ አሳበብኩ።

መጋቢት 11

ሐሙስ የልብስ ማጠቢያ ተራችን ነው። ምድር ቤት ስወርድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሸሚዝ ሲተኩሱ አገኘኋቸው።

ይህ ቅጽል ስም አይደለም። ዶን ኤሊዮዶሮ፣ በእኛ አቶ ኤሊዮዶሮ፣ የፔሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ለሃያ አራት ቀን። አሁን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ኖርዌጂያን አግብታ በስማቸው እዚህ ቤት ገዝታላቸው ነበር፤ ከዚያ እሷ ከባሏ ጋር ወደ በርገን ተዛወረች፣ እሳቸው ከሸሚዞቻቸው ጋር ቀሩ። የምንግባባው በኖርዌይኛ ነው፤ የእኔ በወሎ አፍ፣ የእሳቸው በስፓኒሽ አፍ። በኖርዌይኛ ንጉሡም እኔም «አንተ» ነን። ወደዚህ ደብተር ሲገቡ ግን እሳቸው በራሳቸው ጊዜ አንቱ ይሆናሉ።

«ስንት ነጭ ሸሚዝ አለዎት?» አልኳቸው።

«ሠላሳ። የተሾምኩ ዕለት ጠዋት ነው ያስገዛሁት። ጠቅላይ ሚኒስትር ሁለት ቀን በአንድ ሸሚዝ አይታይም። ስድስቱ እስካሁን ከነላስቲካቸው ናቸው።»

ማሽኑ እስኪጨርስ ታሪካቸውን ነገሩኝ። ከሐይቅ ዳር ከተማ የወጡ ጠበቃ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። በመጀመሪያው ዘመናቸው አንድ ሕግ አወጡ። በሁለተኛው ዘመናቸው የውኃ ብርጭቆ ወደ አንድ የተከበሩ አባል ወርውረው አንድ መቶ ሃያ ቀን ታገዱ። «ብርጭቆው አልነካውም» አሉ፤ እስካሁን የሚቆጫቸው ይመስላል። በሦስተኛው ዘመናቸው አንድ ቀን ንጋት ላይ ፕሬዚዳንቱ ደወሉላቸው።

«ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ እሺ አልኳቸው። በኋላ ሳስበው ምናልባት የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ሊጠይቁኝ ይሆናል የደወሉት።»

በአገራቸው ደንብ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተሾመ በኋላ ምክር ቤት ቀርቦ የመተማመኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። በኪሳቸው የበቆሎ ፍሬ ይዘው ድምፅ ይቆጥሩ ነበር፤ ነጭ ለደጋፊ፣ ጥቁር ለተቃዋሚ። ሰባ ነጭ ፍሬ ይዘው ገቡ። ሃምሳ ስምንት ድምፅ አገኙ፤ አልበቃም።

«አሥራ ሁለቱ የት ሄዱ?»

«እነዚያ የፈገጉልኝ ናቸው» አሉና ኮሌታውን ገለበጡት።

ያኔ ነው የቶርዲስን ነገር የነገርኳቸው። ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን ጨምሬ፦ እምቢ ባልኩበት ቅጽበት እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ከእጇ ልነጥቃት መቃጣቴን። ሳቁብኝ። ካውያውን አስቀምጠው እየተንቀጠቀጠ ያለው ማሽን ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

«ዶን ይመር፣ ሥልጣን ሁለተኛ አይደውልም።»

«ሥልጣኑን አይደለም» አልኳቸው። «የወንድይራድ ነገር ነው።»

«እርግጥ ነው» አሉ። እንዲህ በትሕትና የተዋሸልኝ ብዙ ጊዜ የለም።

መጋቢት 13

ቶርዲስን ሱቅ ውስጥ ድንች ስትመርጥ አገኘኋት። ነገሩን በጎን ላነሳው ብዬ «ያ የሊቀመንበሩ ነገር... ምናልባት ሰው ካጣችሁ...» አልኩ።

እጇን ክንዴ ላይ አኖረች። «ይመር፣ ጫና እንዳይሰማህ። በደንብ ገብቶኛል።»

ይህ ሕዝብ ሰውን በማክበር ይገድላል።

መጋቢት 18

ትሩልስ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት መሃል ከተማ ቢየርቪካ፣ እኔ የጽዳት ፈረቃ የምመራበት ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ አስረድቶኝ ነበር፤ የገባኝ «ሂደት» የሚለው ብቻ ነው። ላምበርትሴተር ላይ «ሃይ፣ ይመር» ይለኛል። እዚህ በዩኒፎርም ሳልፍ አያየኝም። በክፋት አይደለም፤ ዓይኑ እዚህ ቦታ ላይ እኔን አያስቀምጠኝም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ መስታወት ግድግዳውን ሳጸዳ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ቫክትሜስተሩ? አይ፣ እሱ ያለቀ ነገር ነው። በጣም ጥሩ ሰው ነው እኮ።»

በኖርዌይኛ «በጣም ጥሩ ሰው ነው» ከተባልክ ዕቃህን ማሸግ ጀምር።

መስታወቱን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

መጋቢት 24

ዶን ኤሊዮዶሮ እጩ ሆኑ። ቶርዲስ በራቸውን አንኳኩታ ስትጠይቃቸው፣ «ትፈልጋ...» እንዳለች እሺ ብለዋታል። ራሳቸው በኩራት ነገሩኝ።

ደስ አለኝ። እሳቸው ካሸነፉ ወንድይራድ ይተርፋል፤ ቃላቸውን ሰጥተውኛል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤ በሰላም እተኛለሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ደሴ አስተምር የነበረ ጊዜ፣ ርዕሰ መምህራችን ሲዛወሩ የወረዳው ሰው ቢሮ ጠርቶ እንድተካቸው ጠየቀኝ። አልችልም አልኩ። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቀኝ። ኧረ ሌላ ሰው ይሁን አልኩ። ሦስተኛውን ስጠብቅ የስፖርት መምህሩ ተሾመ። በኋላ እንደሰማሁት ሰውየው ለሦስተኛው ሲመጣ ደጃችን ላይ ዝናብ ይዞት ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝናቡን ነው የምወቅሰው። ይህን ለምን አሁን እንዳስታወስኩት አላውቅም።

መጋቢት 28

ወንድይራድ ማታ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ብርነሽ የጾም ምግብ አቀረበችለት፤ በላሁ አለ፤ እውነት በልቶ ይሁን በሦስተኛው ጥያቄ የሚበላ ማንም አያውቅም። ሦስተኛው ላይ በላ።

«ጋሼ፣ ቶርዲስ ነገረችኝ።»

ሻይ ቀዳሁለት።

«አንዴ ብቻ ነው እምቢ ያልከው?»

«አንዴ።»

እጁን አገላብጦ አየ። እጁ ላይ የቦይለር ጥቁር አለ፤ ያ በሳሙና አይወጣም።

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው» አለ። «ምን ይባላል ታዲያ? እሰይ፣ ስጡኝ ይባላል?»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሲወጣ የበራችንን ማጠፊያ እያንቀጫቀጨ ፈተሸና ነገ ዘይት እቀባላችኋለሁ አለ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጾም ተፈታ። ልጃችን ማርያ ከብሊንደርን፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ መጣች። ፖለቲካ ነው የምታጠናው። ታሪኩን ከእናቷ ሰምታ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ፓፓ፣ ሴሪዩስ? አሁንም መግባት ትችላለህ እኮ። ስብሰባው ላይ ሰው እዚያው እጩ መሆን ይችላል፤ ደንቡ ላይ አለ። ግን ሙተሌደሩ፣ ሰብሳቢው፣ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። መልሱ «ያ»፣ አዎ፣ ነው። ወይ «ናይ»፣ አይ፣ ነው። ሌላ መልስ የለም።»

«ዶን ኤሊዮዶሮ ስላሉ እኔ አያስፈልግም።»

«ኦኬ። ግን ለልምምድ ያህል በለው። እፈልጋለሁ በል።»

«ምኑን?»

«ምንም። ዝም ብለህ እፈልጋለሁ በል።»

ብርነሽ ድፎ ዳቦውን ይዛ ቆማ ነበር። «ዳቦ ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

«አየሽ» አለች ብርነሽ ለልጇ። «ችግሩ ዳቦ ላይ አይደለም።»

ክራባት ገዝቻለሁ። ለፋሲካ ነው። ዛሬ ግን ረሳሁት፣ አላሰርኩትም።

ሚያዝያ 21

ዱግናድ፤ ነዋሪው ሁሉ ወጥቶ ግቢ የሚያጸዳበት የጸደይ ዘመቻ። እኛ ደቦ የምንለው፣ ከጠላው በቀር።

ወንድይራድ መሬቱን የሚቧጥጥ መሣሪያ አከፋፈለ፤ ቋሊማ ጠበሰ፤ እሱ የማይበላውን የአሳማ ቋሊማ ለሠላሳ ሰው እያገላበጠ። አንድ አባወራ ውኃ ማጠጫ ፈልጎ ዋናውን መክፈቻ ሲያጣ «ወንድይራድን ጠይቁት» የሚል ድምፅ ከአራት አቅጣጫ ተሰማ። አጠገቤ የቆመች ወጣት ሴት ለጓደኛዋ «ድርጅቱ ሲመጣ መክፈቻው የት እንዳለ ማን ይነግረናል?» አለቻት። ያችኛዋ ከወረቀቱ ላይ ያለውን ፈገግተኛ ስልክ አሳየቻት። ሁለቱም አልፈገጉም። ልብ ብዬ መዘገብኩ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በነጭ ሸሚዝና በክራባት መጡ። መሣሪያውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው አግዳሚው ላይ ወጡና ንግግር ጀመሩ። ስለ ሕዝብ፣ ስለ አደራ፣ ስለ ተራሮች። ሃያ ደቂቃ። ሕዝቡ በጣም ፈገገላቸው።

ማታ እኛ ቤት መጥተው በነጭ ባቄላና በምስር ድምፅ ቆጠሩ። ብርነሽ ምስሩ ታጥቦ እንዲመለስላት አስጠንቅቃለች። መጀመሪያ አርባ አምስት ባቄላ ሆነ። ከዚያ የፈገጉትን አንድ በአንድ ያነሱ ጀመር። ዐሥራ ዘጠኝ ቀረ።

«እኔን አይመርጡኝም» አሉ። ቅሬታ የለበትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው።

«አንተን ቢሆንስ?» አሉና ባቄላዎቹን መልሰው ይደረድሩ ጀመር። እኔ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ። ስመለስ ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ጎንበስ ብዬ ግን ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ።

«እነዚህ አንድም ቀን አልፈገጉልህም» አሉኝ። «ሰላም ብለውህ ያልፋሉ። ወርቅ ድምፅ ነው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብርነሽ፦ «ጠቅላይ ሚኒስትሩና አማካሪው። የኔን ምስር ለምክር ቤት።»

ሚያዝያ 27

ፈረቃዬ ሲያልቅ ዶን ኤሊዮዶሮ ኦፔራ ቤቱ አጠገብ እየጠበቁኝ ነበር። ባሕሩ ላይ ልጆች በካያክ ይቀዝፋሉ፤ ሁሉም ደማቅ ብርቱካንማ የዋና ጃኬት ለብሰዋል። እሳቸው ቆሙ። ጃኬቶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ያ አንድ ሕግ ያልኩህ» አሉ። «ይህ ነው። በሐይቃችን ላይ የሚሄድ ጀልባ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ጃኬት ይያዝ የሚል። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ማንም አልተቃወመውም፣ ማንም አላነበበውም። ሦስት ጊዜ የተመረጥኩት፣ ብርጭቆው፣ ሃያ አራቱ ቀን... እነሱን የሚያስታውስ የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጀልባ ተገለበጠ። አርባ ሁለት ሰው። ሁሉም ወጡ። ዜናው ላይ የጀልባውን ቀለም ሳይቀር ጽፈዋል።»

«የእርስዎን ስም?»

«ለምን ይጽፉታል?» አሉ፤ ከልባቸው ገርሟቸው።

በባቡር ተመለስን። ልክ ላምበርትሴተር ስንደርስ «ያንን ሕግ እንዳቀርብ ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። «እኔ ነኝ እጄን ያወጣሁት።»

ግንቦት 9

የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል። ባንዲራ፣ አይስክሬም፣ ብራስ ባንድ። ክራባቱን አሰርኩ። ብርነሽ አይታ ምንም አላለችም፤ እንዲህ ዝም ማለት ሠላሳ ዓመት ትዳር ይጠይቃል።

ወንድይራድ ስልኩን አሳየኝ። ሃይማኖት ጽፋለች፦ ማመልከቻው መታየት ጀምሯል፣ የባለቤትሽን የሥራ ውል አምጪ ተብላለች። ውሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በአዲሱ ሊቀመንበርና በቦርዱ እጅ ነው።

«ምን ብዬ ልመልስላት?»

«ረቡዕን ጠብቅ በላት።»

ረቡዕ ማታ ነው ጉባኤው።

ግንቦት 12

መስታወት ፊት። ሰባት ጊዜ። «ያይ ኧንስከር ደ።» እፈልጋለሁ። አምስተኛው ላይ ብርነሽ ጥርሷን ልትቦርሽ ገባች። ጥርሴን እየፈተሽኩ ነው አልኳት።

ግንቦት 13፣ ሌሊት

ልጻፈው፤ ነገ ያማረ ስሪት ሠርቼለት እንዳልገኝ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ነበር። አርባ አንድ ሰው፣ ዘጠኝ ውክልና። ወንድይራድ ወንበር ደርድሮ ሲያበቃ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ እሱ የቤት ባለድርሻ ስላልሆነ ድምፅ የለውም። ትሩልስ በምስል አስረዳ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ጥሩ ንግግር ነበር። ብዙ ሰው ፈገገለት። ይህን ሳይ ጉልበቴ ትንሽ በረታ፤ የዶን ኤሊዮዶሮ ትምህርት ነው።

ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ዞረ። ተነሱ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራባት። አዳራሹ ለሃያ ደቂቃ ተመቻቸ። አንዱ ስልኩን አወጣ።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «አልፈልግም።»

ቶርዲስ ቀና አለች። «እጩነትህን ታነሳለህ ማለት ነው?»

«አነሳለሁ።»

«እሺ። አከብረዋለሁ።» ሰማያዊው እስክሪብቶ ወረደ።

አጠገቤ ተቀመጡ። ፊታቸው ነጭ ሆኗል። «በሕይወቴ ሹመት እምቢ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ሲሉ አንሾካሾኩ። «ምን ያህል ቶሎ እንዳመኑኝ አየህ?»

«ሌላ የሚፈልግ አለ?» አለ ሰብሳቢው።

ስሜን ይጠሩልኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዶን ኤሊዮዶሮ ጣሪያውን ያያሉ። ቶርዲስን አየኋት፤ እሷ የጫና ጠላት ስለሆነች ዓይኗን ሰበረች። ብርነሽ ከጎኔ ነበረች፤ አንዴ ጎሸም ብታደርገኝ ይበቃኝ ነበር። እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች። በኛ ማኅበር ቢሆን እስካሁን አራት ሰው ተነስቶ «አቶ ይመር ይሁኑልን» ብሎ፣ እኔም ተግደርድሬ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ አልቆ ነበር። እዚህ የአየር ማስገቢያው ድምፅ ብቻ።

«ከሌለ...» አለ ሰብሳቢው።

ወንድይራድን አላየሁትም። ይህን እውነት ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት። በዚያች ሰዓት ያየሁት ወንድይራድን ሳይሆን ደጃችን ላይ በዝናብ የተመለሰውን የወረዳ ሰው ነው።

እጄ ወጣ። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር፤ ከፍ ሲል የሸሚዜ እጅጌ አጭር መሆኑን እንኳ ታዝቤአለሁ።

«እኔ እፈልጋለሁ» አልኩ።

ፊቴ ነደደ። አሳዳጊዎቼ ሁሉ፣ በሕይወት የሌሉትም፣ አዳራሹ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ተሰማኝ። ማንም ግን አልሳቀም። ሰብሳቢው ስሜን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ እንደገና። አንድ ጊዜ ይበቃል ብሎ ሰውነቴ አላመነም። ሦስተኛውንም ሳልለው አልቀረሁም።

ንግግር አድርግ አሉኝ። አራት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ዋናው የውኃ መክፈቻ የት እንዳለ የሚያውቅ እጁን ያውጣ አልኩ። ሁሉም ወደ በሩ ዞረው ወንድይራድን አዩት። «እሱ ይቆይልን» አልኩና ተቀመጥኩ።

ሃያ ሰባት ለሃያ ሦስት።

ትሩልስ መጥቶ ጨበጠኝ። ትንሽ አፈጠጠብኝና «ቢየርቪካ ነው የምትሠራው እንዴ?» አለ።

«ስድስተኛ ፎቅ» አልኩት። «መስታወቱ።»

ቀላ። እኔም ትንሽ ቀላሁ፤ እኔ ላይ አይታይም እንጂ።

ወጥተን ስንሄድ ብርነሽ ክንዴን ያዘች። «ሦስቴ አልከው» አለች።

«አስተዳደግ ነው» አልኳት።

ግንቦት 15

ዶን ኤሊዮዶሮ አንድ ሸሚዝ ከነላስቲኩ ይዘውልኝ መጡ። «የሃያ አምስተኛው ቀን ሸሚዝ ነው» አሉ። «ለዚያ ቀን ነበር ያዘጋጀሁት።»

አልቀበልም አልኩ። ወዲያው መልሰው ብብታቸው ሥር ሲያስገቡት ደነገጥኩና ሸሚዙን ነጠቅኳቸው። እየተማርኩ ነው።

ባቄላዎቹ ውስጥ አራት ሰው ከዱኝ፤ ሠላሳ አንድ ነበር፣ ሃያ ሰባት መጣ። እሳቸውን ግን አሥራ ሁለት ከድተዋቸዋል። ይህን ሳልነግራቸው ለራሴ ያዝኩት።

ግንቦት 19

የመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ፣ ምድር ቤት፣ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ማዶ። ሸሚዙን ለበስኩ። ኮሌታው ሁለት ጣት ይሰፋኛል። ቶርዲስ ቦርድ ውስጥ ተመርጣ ጸሐፊ ሆናለች፤ ሰማያዊውን እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

አንደኛ አጀንዳ፦ የቫክትሜስተሩ ውል። ቦርዱ ተቃውሞ የለውም፣ ሁሉም ይቆይ ብሏል። በደንቡ ግን ሰውየው ራሱ ይጠየቃል። ፈቃዱ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ወንድይራድ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሃይማኖት ኮምቦልቻ ውስጥ ስልኳን ይዛ ተቀምጣ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ከስብሰባው በፊት ደረጃው ላይ ነግሮኛል።

«ወንድይራድ» አልኩ፣ በኖርዌይኛ፣ እንደ ሊቀመንበር። «ውልህን ልናድስ እንፈልጋለን። ክፍሏም እንዳለች ትሆናለች። በሥራው መቀጠል ትፈልጋለህ?»

መሬቱን አየ። ኮፍያውን በእጁ አገላበጠ። ከዚያ ከማውቀው ሥፍራ፣ እኔም ከወጣሁበት ሥፍራ፣ ያ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ለኔ ብላችሁ አትቸገሩ። ድርጅቱ የሚሻል ከሆነ...»

ቶርዲስ አንገቷን ነቀነቀች፤ በአክብሮት። «እሺ» አለች። እስክሪብቶው ወደ ወረቀቱ ወረደ።

እጄን ፎርሙ ላይ ዘርግቼ አኖርኩት።

«ቆይ ቶርዲስ» አልኳት። «ገና ነው።»

«እምቢ አለ እኮ።»

«አንድ ነው ያለው» አልኳትና ወደ ወንድይራድ ዞርኩ። ሁለተኛውን በአማርኛ ጠየቅኩት።